የኰርማ ፍሬያማነት በዘሩ ሕዋስ ራስ መጠንና ቅርጽ እንዴት እንደሚመረመር

ከብት አርቢ ሁሉ ኰርማ ሲመርጥ የሚመለከተው ነገር የታወቀ ነው። ቁመናውን፥ የደረቱን ስፋት፥ የሻኛውን ከፍታ፥ የጠጕሩን ቀለም አይቶ፥ የእናቱንም ወተት ጠይቆ ይወስናል። ይህ አባቶች በብዙ ዘመን ልምድ ያገኙት ዕውቀት ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ከውጭ የሚታየው የኰርማው ውበት ከውስጥ ያለውን የዘሩን ጤንነት አይናገርም። ሻኛው ያማረ፥ ጕልበቱ የበረታ፥ ላሞችንም ለማጥቃት የማይሰንፍ ኰርማ ዘሩ ደካማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ኰርማ በመንጋው ውስጥ ያሰማራ ሰው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆንበታል።

የኰርማን ዘር በማጉያ መነጽር አይቶ ፍሬያማነቱን ለመገመት ሊቃውንት ካገኟቸው መንገዶች አንዱ የዘሩን ሕዋስ ራስ ርዝመት፥ ስፋትና ቅርጽ መለካት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ልኬት እንዴት እንደሚደረግ፥ ምን እንደሚያስረዳና ምን እንደማያስረዳ መግለጽ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጥጃ ሲጠፋ ጥፋቱ በማን ላይ ይወድቃል?

በመንደር ውስጥ ላም ሳታረግዝ ስትከርም ብዙ ጊዜ የምትወቀሰው ላሟ ናት። «መሲና ሆነች» ተብላ ለዕርድ ትሸጣለች። እርግጥ ነው፤ የላም መካንነት አለ። ነገር ግን አንዲት ላም ብትመክን የሚጠፋው የእርሷ ጥጃ ብቻ ሲሆን፥ ኰርማው ሲደክም ግን የሚጎዳው ያጠቃቸው ላሞች ሁሉ ውጤት ነው። ስለዚህ በአንድ መንጋ ውስጥ ብዙ ላሞች በአንድ ዓመት ባዶአቸውን ከከረሙ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ኰርማው ነው።

ነገሩን በሒሳብ መመልከት ይቻላል። ላም ካላረገዘች በየ21 ቀኑ ያህል ኰርማ ትፈልጋለች። አንድ መልካም ኰርማ በአንድ ጊዜ ካጠቃቸው 100 ላሞች መካከል 60ዎቹን ያስረግዛል እንበል። ከቀሩት 40 ላሞች በሁለተኛው ዙር 24ቱ፥ ከቀሩት 16 ላሞች ደግሞ በሦስተኛው ዙር 10 ያህሉ ያረግዛሉ። በ63 ቀናት ውስጥ 94 ላሞች አረገዙ ማለት ነው። ዘሩ የደከመ ኰርማ ግን በአንድ ዙር ከ100 ላሞች 30ዎቹን ብቻ ቢያስረግዝ፥ በመጀመሪያው ዙር 30፥ በሁለተኛው 21፥ በሦስተኛው 15 ያህል ይሆንና ድምሩ 66 ነው። በሁለቱ ኰርማዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ላሞች 28 ጥጆች ነው። ከጥጃው ጋራም ወተቱ አብሮ ይጠፋል። ላም የምታረግዘው ከ9 ወር ጥቂት ቀናት ለሚበልጥ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ጕዳቱን በሙሉ የሚረዳው ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው። የዚህ ዓይነቱ ኰርማ ጨርሶ መካን ባለመሆኑና ጥቂት ጥጆችን በመስጠቱ ባለቤቱን ስለሚያታልል፥ ፈጽሞ ከመከነው ኰርማ ይልቅ የከፋ ጕዳት ያደርሳል።

የዘር ሕዋስ አሠራር

ኰርማ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ዘር 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ቢሊዮን ያህል የዘር ሕዋሳት ይገኛሉ። አንዱ ሕዋስ ራስ፥ አንገትና ጭራ አለው። ጭራው ሕዋሱን የሚያስዋኝ ሲሆን፥ ከጭራው ጋራ የተያያዘው መካከለኛ ክፍል ኃይል የሚፈጥርበት ነው። ራሱ ደግሞ የጭነቱ ቤት ነው፤ ከአባት ወደ ጥጃ የሚተላለፈው የዘር ውርስ ሁሉ ማለትም ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ነገር በውስጡ እጅግ ተጠቅልሎና ተጨምቆ ይገኛል። የራሱን ፊት እንደ ቆብ የሚሸፍን አክሮሶም የተባለ ስስ ከረጢት አለ። በውስጡም የላሟን ዕንቍላል ሽፋን ለመብሳት የሚረዱ ቅመሞች ተቀምጠዋል።

የኰርማ የዘር ሕዋስ ከራስ እስከ ጭራ 70 ማይክሮን የሚያህል ርዝመት አለው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ክፍል ነው። የራሱ ርዝመት 9 ማይክሮን ገደማ፥ ስፋቱም 4.5 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር በሚያህል የጤፍ ቅንጣት ርዝመት ላይ እነዚህ ራሶች ቢሰለፉ ከ100 በላይ ይሆናሉ። ራሱ ከላይ ሲታይ እንደ ዕንቍላል ሞላላ፥ ከጎን ሲታይ ግን እንደ ቅጠል ስስ ነው። የአውራ በግ ሕዋስ ራስ በመጠን ከኰርማው ጋራ ይቀራረባል፤ የድንጒላ ፈረስ ግን ከሁለቱም ያነሰ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እንስሳ በራሱ ዓይነት ልኬት እንጂ በሌላው ሊመዘን አይገባውም።

የራሱ ቅርጽ ስለ ምን የፍሬያማነት ምልክት ሆነ? መልሱ ሕዋሱ በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ይገኛል። የዘር ሕዋስ በቆለጥ ውስጥ ሲሠራ መጀመሪያ ክብ ነው። ቀስ በቀስ ውርሱ እየተጨመቀ፥ ራሱም እየረዘመና እየጠፈጠፈ ይሄዳል። ይህ የመጨመቅ ሥራ በሙቀት፥ በበሽታ ወይም በውርስ ጕድለት ምክንያት ከተበላሸ፥ ጥፋቱ በራሱ መጠንና ቅርጽ ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የራሱ መበላሸት አንዳንድ ጊዜ በውስጡ ያለው ውርስ በሚገባ አለመታሸጉን የሚናገር የውጭ ምልክት ነው።

የምርመራው ታሪክ

የዘርን ሕዋስ በማጉያ መነጽር አይቶ ለዓለም የገለጸው የሆላንዱ ተወላጅ አንቶኒ ቫን ሌወንሁክ ነው፤ ይህም በ1677 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ የውሻን ዘር በእጅ ወደ ሴቲቱ ማሕፀን አስገብቶ ቡችሎች እንዲወለዱ በማድረጉ፥ ያለ ግንኙነት በዘሩ ብቻ ማስረገዝ እንደሚቻል አስረዳ።

ይሁን እንጂ የዘር ሕዋስን ቅርጽ ከከብት ፍሬያማነት ጋራ አያይዞ በሚገባ መመርመር የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት ዊሊያምስና ሳቬጅ የተባሉት የሰሜን አሜሪካ ሊቃውንት የኰርማዎችን ዘር በማጉያ መነጽር እየመረመሩ ጕድለቶቹን ጻፉ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ሳቬጅ፥ ዊሊያምስና ፋውለር የራሱ ርዝመት ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ምን ያህል እንደሚለያይ በስታቲስቲክስ መርምረው፥ ይህ መለያየት ፍሬያማነትን ለመገመት እንደሚያገለግል አሳተሙ። በ1934 ዓ.ም. ስዊድናዊው ኒልስ ላገርሎፍ ፍሬያማነታቸው የቀነሰ ወይም የጠፋ ኰርማዎችን ዘርና ቆለጥ በአንድነት መርምሮ፥ በዘሩ የሚታየው ጕድለት በቆለጡ ውስጥ ካለው ጕዳት ጋራ እንደሚገናኝ ገለጸ። ዴንማርካዊው ኤሪክ ብሎም በ1950 ዓ.ም. ኢዮሲንና ኒግሮሲን የተባሉትን ቀለሞች በማደባለቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሕያዋንና ሙታን ሕዋሳትን የሚለይ ዘዴ አወጣ። በዚህ ቀለም የሞተው ሕዋስ ቀይ ሆኖ ሲታይ፥ ሕያው የነበረው ነጭ ሆኖ በጨለማው መደብ ላይ ጐልቶ ይታያል።

ልኬቱ እንዴት ይደረጋል?

መጀመሪያ ኰርማው ሰው ሠራሽ በሆነ የላም ብልት ወይም በሌላ የሐኪም መሣሪያ ዘሩን እንዲሰጥ ይደረጋል። ዘሩ ብርድ እንዳይመታው ዕቃውና መስታወቱ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት መዘጋጀት አለባቸው። የቀዘቀዘ መስታወት የሕዋሱን ጭራ ስለሚያጠመዝዝ ጤነኛውን ኰርማ በሽተኛ አስመስሎ ያሳያል።

ከዚያም ጥቂት ጠብታ ዘር ከቀለሙ ጋራ ተደባልቆ በመስታወት ላይ በስሱ ይቀባል፤ ሲደርቅም አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጐላ መነጽር ይታያል። በመነጽሩ ዐይን ውስጥ እንደ ማስመሪያ የተከፋፈለ ትንሽ መስታወት ይገባል። ይህ ማስመሪያ ራሱ መመዘን አለበት። ለዚህም አንድ ሚሊ ሜትር በ100 እኩል ክፍሎች የተከፈለበት፥ ማለትም እያንዳንዱ ክፍል 10 ማይክሮን የሆነ ሌላ መስታወት ከበታች ይደረጋል። ለምሳሌ የላይኛው ማስመሪያ 50 ክፍሎች በታችኛው 5 ክፍሎች ላይ ልክ ቢገጥሙ፥ 5 ጊዜ 10 ማይክሮን 50 ማይክሮን ስለ ሆነ የላይኛው አንዱ ክፍል 1 ማይክሮን ነው ማለት ነው። መነጽሩ በተለወጠ ቍጥር ይህ ማመዛዘን እንደ ገና ይደረጋል።

መለኪያው ከተዘጋጀ በኋላ የራሱ ርዝመት ከጫፉ እስከ አንገቱ፥ ስፋቱም በሰፊው ቦታ ይለካል። ርዝመቱን ለስፋቱ ማካፈል የቅርጹን ሁኔታ ይሰጣል። 9 ማይክሮን ርዝመትና 4.5 ማይክሮን ስፋት ያለው ራስ 9 ለ4.5 ሲካፈል 2 ይሆናል። ርዝመቱ ያው 9 ሆኖ ስፋቱ 3.6 ብቻ ቢሆን ግን 2.5 ይሆናል፤ ይህም ራሱ ጠባብ መሆኑን ያስረዳል። ከመሠረቱ የቀጠነ ራስ ግን በሰፊው ቦታ ብቻ ቢለካ ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል፥ ጥንቁቅ መርማሪ በአንገቱ አጠገብ ያለውንም ስፋት ይለካል።

ዛሬ በታላላቅ ጣቢያዎች ይህን ሥራ ካሜራና ኮምፒዩተር ይፈጽሙታል። መሣሪያው የእያንዳንዱን ራስ ርዝመት፥ ስፋት፥ ዙሪያና የቆዳ ስፋት በአንድ ጊዜ ለክቶ ይመዘግባል። የሰው ዐይን የሚደክምበትን ሥራ በማቃለሉ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ሆኖም ቆሻሻን ሕዋስ አድርጎ እንዳይቈጥር፥ ወይም ተደራርበው የወደቁትን ሁለት ራሶች እንደ አንድ እንዳይለካ ሠራተኛው ሊቈጣጠረው ይገባል።

በዚህ ሥራ ሁለት ጥንቃቄዎች አይዘነጉም። አንደኛው የሕዋሳቱ ቍጥር ነው፤ ዐሥር ወይም ሃያ ሕዋሳት ለክቶ ስለ ቢሊዮኖቹ መፍረድ ስሕተት ስለ ሆነ፥ ቢያንስ 100 ቢቻልም 200 ሕዋሳት ያለ ምርጫ በተርታ መታየት አለባቸው። ሁለተኛው የቀለሙ ዓይነት ነው። አንዱ ቀለም ሕዋሱን ሲያኰማትር ሌላው ያሳብጠዋል፤ ማድረቁም መጠኑን ይለውጠዋል። ስለዚህ በአንድ ቀለም የተለካ ኰርማ በሌላ ቀለም ከተለካው ጋራ ሊወዳደር አይችልም።

ከአማካዩ ይልቅ መለያየቱ

ብዙ ሰዎች «የራሱ መጠን ትልቅ የሆነው ኰርማ ይበልጣልን?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ አይደለም ነው። የዋናው ምልክት ቦታ የራሱ ትልቅነት ሳይሆን የሕዋሳቱ መመሳሰል ነው። በምሳሌ ለመግለጽ ከሁለት ኰርማዎች አምስት አምስት ሕዋሳት ተለኩ እንበል። የመጀመሪያው ኰርማ ሕዋሳት 8.8፥ 8.9፥ 9.0፥ 9.1ና 9.2 ማይክሮን ሆኑ። የሁለተኛው 7.6፥ 8.1፥ 9.0፥ 9.9ና 10.4 ሆኑ። የሁለቱም ድምር 45፥ አማካዩም 9 ነው። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱ ኰርማዎች እኩል ናቸው ይላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ኰርማ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት 0.4 ማይክሮን ብቻ ሲሆን፥ በሁለተኛው 2.8 ማይክሮን ነው። የመጀመሪያው ቆለጥ ሥራውን በሥርዓት እንደሚሠራ ሸክላ ሠሪ ሁሉንም በአንድ ልክ ያወጣል፤ የሁለተኛው ግን ሥርዓቱ የተናጋ ለመሆኑ ጥርጣሬ ያሳድራል። እንዲህ ያለውን ኰርማ እንደ ገና መርምሮ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል።

ዋና ዋና የራስ ጕድለቶች

በመነጽር ከሚታዩት የራስ ጕድለቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. ከመሠረቱ ቀጥኖ ከፊቱ የሰፋ ራስ። የፍሬ ዓይነት ቅርጽ ስላለው በውጭ አገር ከፒር ፍሬ ጋራ ያመሳስሉታል። በኰርማዎች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው።

2. ከልክ በላይ ትልቅ ወይም ትንሽ የሆነ ራስ። ትልቁ አንዳንድ ጊዜ ውርሱን እጥፍ አድርጎ የተሸከመ ይሆናል።

3. ጠባብና ረዥም የሆነ ራስ፤ እንዲሁም ሁለት ራስ በአንድ ጭራ ላይ።

4. ከጭራው የተለየ ራስ። በ1949 ዓ.ም. ሃንኮክና ሮሊንሰን በእንግሊዝ አገር በገርንዚ ከብቶች ላይ ይህን ጕድለት ገልጸዋል፤ ራሶቹ ከጭራቸው ስለሚለያዩ ኰርማዎቹ መካኖች ነበሩ።

5. በራሱ ጫፍ ላይ ያለው ቆብ እንደ ጕጥ ያበጠበት ሕዋስ። በ1953 ዓ.ም. ዶናልድና ሃንኮክ ይህ ጕድለት በፍሪዥያን ከብቶች ዘንድ ከአባትና ከእናት በውርስ እንደሚመጣ አስረድተዋል።

ሊቃውንት ጕድለቶችን በሚያደርሱት ጕዳት መሠረት በሁለት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ሕዋስ ቅርጹ እጅግ የተበላሸ ስለ ሆነ ከላሟ ዕንቍላል ዘንድ ሊደርስ አይችልም። የዚህ ዓይነቱ ጕዳት ጤነኞቹን ሕዋሳት በብዛት በመጨመር በከፊል ሊካካስ ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ግን የባሰ ነው። ራሱ በጥቂቱ ብቻ የተበላሸ ሕዋስ ዋኝቶ ይደርሳል፤ ዕንቍላሉንም ይበሳል፤ ነገር ግን የተሸከመው ውርስ የተጎዳ ስለ ሆነ ፅንሱ ገና በመጀመሪያው ጊዜ ይሞታል። ዕንቍላሉ አንድ ጊዜ በዚህ ሕዋስ ከተያዘ ጤነኛው ሊገባበት አይችልምና፥ የዘሩን መጠን መጨመር ጕዳቱን አይክስም። ገበሬውም ላሟ ከ21 ቀን በኋላ ወይም ከዚያ ዘግይታ እንደ ገና ኰርማ ስትፈልግ ብቻ ያያል።

ጕድለቱ ከየት ይመጣል?

ቆለጥ ከሰውነት ውጭ በከረጢት የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘር በሚገባ እንዲሠራ ቆለጡ ከሰውነት ሙቀት 4 ወይም 5 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ኰርማው በብርቱ ትኵሳት ሲያዝ፥ ከረጢቱ ሲቈስል ወይም ሲያብጥ፥ ጥላ በሌለበት ቈላ ውሎ ሙቀት ሲበዛበት ዘሩ ይበላሻል። ስለዚህ አፍተግር ወይም ሌላ ትኵሳት የሚያመጣ በሽታ ያለፈበት ኰርማ ቢድንም ዘሩ ወዲያው አይድንም። የቈላው ገንዲ በሽታም ቆለጡን የሚጎዳ ነው። የመኖ ማነስ፥ እርጅናና ውርስም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

እዚህ ላይ ስለ ጊዜ ማወቅ እጅግ ያስፈልጋል። በኰርማ ቆለጥ ውስጥ አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ 61 ቀናት ያህል ይወስዳል፤ ከቆለጡ ወጥቶ በመተላለፊያው ቱቦ እስኪበስል ደግሞ ከ8 እስከ 11 ቀናት ይፈጃል። በአውራ በግ ሥራው 47 ቀናት ያህል፥ በአውራ ዐሣማ 39 ቀናት ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ዘር ከሁለት ወር በፊት የተጀመረ ሥራ ውጤት ነው። ትኵሳት ያገኘው ኰርማ በማግስቱ ቢመረመር ጤነኛ ሊመስል፥ ከሳምንታት በኋላ ግን ጕድለቱ ሊገለጥ ይችላል። በአንጻሩም ዛሬ ዘሩ ተበላሽቶ የተገኘው ኰርማ ከ60 እስከ 70 ቀናት ቆይቶ እንደ ገና ሲመረመር ድኖ ሊገኝ ይችላልና፥ በአንድ ምርመራ ብቻ ለዕርድ ሊፈረድበት አይገባም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምርመራ አንድ ዓይነት ጕድለት ያለ ለውጥ ከተገኘ ግን ምክንያቱ በውርስ ሊሆን ስለሚችል፥ እርሱንም ወንድ ልጆቹንም ለዘር ማቈየት አደጋ አለው።

ልኬቱ የማይናገረው

ይህ ምርመራ ብዙ ነገር ቢያስረዳም ሁሉን አይገልጥም። ራሱ ያማረ ሕዋስ ጭራው የሰነፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአሜሪካ የእንስሳት መራባት ሐኪሞች በ1993 ዓ.ም. ያወጡት መመሪያ፥ ኰርማ እንዲያልፍ ከሕዋሳቱ ቢያንስ 70 ከመቶው ቅርጻቸው ጤነኛ፥ ቢያንስ 30 ከመቶው ወደ ፊት የሚዋኙ፥ የቆለጡም ከረጢት ዙሪያ ለዕድሜው የተወሰነውን ልክ ያሟላ እንዲሆን ይጠይቃል። ዕድሜው 15 ወር ለሆነ ኰርማ ይህ ዙሪያ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፥ ከ24 ወር በላይ ለሆነው 34 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህም ሌላ እግሩ፥ ዐይኑና ብልቱ ይመረመራሉ። እነዚህ ቍጥሮች የወጡት ፈጥነው በሚደርሱ የውጭ አገር ከብቶች ላይ ስለ ሆነ፥ ዘግይተው ለሚደርሱት ሻኛ ላላቸው የአገር ከብቶች ሳይመረመሩ እንዳሉ ሊወሰዱ አይገባም።

ዘሩ ጤነኛ የሆነ ኰርማም በግንኙነት የሚተላለፍ የውርጃ በሽታ ከላም ወደ ላም ሊያዛምት ይችላል። የራስ ልኬት ይህን አያሳይም፤ የበሽታ ምርመራ ለብቻው መደረግ አለበት።

እንዲሁም «ትልቅ ራስ ያለው ሕዋስ ጊደር፥ ትንሽ ራስ ያለው ወይፈን ያስወልዳል» የሚለው ተስፋ በመነጽር ልኬት ሊፈጸም አይችልም። በኰርማ ዘንድ ሴት የሚያስወልደው ሕዋስ ወንድ ከሚያስወልደው በዲ.ኤን.ኤ. 3.8 ከመቶ ያህል እንደሚበልጥ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ብልጫ ሁሉ በራሱ መጠን ላይ ቢገለጥ እንኳ በርዝመት ሲቈጠር ከ9 ማይክሮን ላይ አንድ ዐሥረኛ ማይክሮን ያህል ብቻ ይሆናል። ተራው የብርሃን ማጉያ መነጽር ደግሞ ከሁለት ዐሥረኛ ማይክሮን በታች ያለውን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ጾታን መለየት የተቻለው በሌላ መንገድ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤልትስቪል የሚገኙ ሊቃውንት ዲ.ኤን.ኤ.ውን በሚያበራ ቀለምና በልዩ መሣሪያ ሕዋሳቱን ለይተው በጥንቸሎች ላይ ውጤት አሳይተዋል።

ነገሩ ለኢትዮጵያና ለአካባቢው ያለው ጥቅም

በዚህ የአፍሪካ ክፍል ሰው ሠራሽ የከብት ማዳቀል ሥራ የተጀመረው በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተቋርጦ በ1952 ዓ.ም. እንደ ገና ተጀመረ። በ1949 ዓ.ም. ፖልጅ፥ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉት የእንግሊዝ ሊቃውንት ዘር በግሊሰሪን ተጠብቆ በብርቱ ቅዝቃዜ ሊቈይ እንደሚችል በመግለጣቸው የአንድ ኰርማ ዘር ወደ ሩቅ አገር የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ። በኋላም በ1960ዎቹ ዓመታት በአርሲ በጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ፥ በ1980ዎቹም በአዲስ አበባ አጠገብ በቃሊቲ በተቋቋመው ብሔራዊ ማዕከል ሥራው ተስፋፋ። በቃሊቲ ከውጭ ኰርማዎች ሌላ የቦረና፥ የሆሮ፥ የፎገራ፥ የበጋይትና የሸኮ ኰርማዎች ዘር ተሰብስቧል።

ሰው ሠራሽ ማዳቀል የአንድን ኰርማ ኃይል እንደሚያበዛ ሁሉ ጕድለቱንም ያበዛል። በመንደር የሚያጠቃ ደካማ ኰርማ ጥቂት ላሞችን ይጎዳል፤ በማዕከል የሚገኝ ደካማ ኰርማ ግን ዘሩ ተከፋፍሎና ቀዝቅዞ ብዙ ሺህ ላሞች ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ የራስ ቅርጽ ምርመራ በማዕከል ያለ ማቋረጥ ሊደረግ የሚገባው ሥራ ነው። ለአገር ከብቶችም ጥቅሙ ያንሳል አይባልም። የሸኮ ከብት ገንዲን በመቋቋም የታወቀ፥ ቍጥሩ ግን የተመናመነ ዘር ነው። እንዲህ ያለውን ዘር ለማቈየት የሚመረጡት ኰርማዎች ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ እያንዳንዱ ከመመረጡ በፊት ዘሩ መታየት አለበት።

ማጉያ መነጽር በእጁ የሌለው ገበሬም የሚያደርገው ነገር አለ። ይኸውም፦

1. ላሟ የተጠቃችበትን ቀንና የኰርማውን ማንነት መመዝገብ፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ በልጁ ማስጻፍ። ከ21 ቀን በኋላ የምትመለሰው ላም በመዝገቡ ትታወቃለች።

2. ብዙ ላሞች በተመለሱ ጊዜ ላሞቹን ከመሸጥ በፊት ኰርማውን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት።

3. የኰርማውን ቆለጥ ቢቻል በየወሩ ማየት፤ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን፥ አለመቍሰላቸውንና አለማበጣቸውን፥ ሲዳሰሱም እንዳልጠነከሩ ወይም እንዳልላሙ መረዳት።

4. ትኵሳት ያገኘውን ኰርማ ከሁለት ወር ላላነሰ ጊዜ ማሳረፍና ሌላ ኰርማ በቦታው መተካት።

5. በቀትር ጥላ፥ ዘወትርም ንጹሕ ውሃና በቂ መኖ አለመንፈግ።

ለመንደሩ ሁሉ የሚያጠቃው ኰርማ አንድ ወይም ሁለት በሆነበት ስፍራ ደግሞ መንደርተኛው ተባብሮ ከዝናቡ ወራት በፊት ቢያስመረምረው ወጪው ለእያንዳንዱ ሰው ቀላል ይሆናል። በየወረዳው ያሉት የእንስሳት ጤና ሹማምንትም አንድ ማጉያ መነጽር፥ አንድ የተከፋፈለ መስታወትና ጥቂት ቀለም ካላቸው ይህን ምርመራ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው ትልቅ ሕንፃ ሳይሆን ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው።

በአጭሩ የኰርማ ዋጋ በሻኛው ብቻ አይታወቅም። ከጤፍ ቅንጣት መቶ ጊዜ የሚያንሰው የዘሩ ሕዋስ ራስ በመልክም በመጠንም ከባልንጀሮቹ ጋራ ሲመሳሰል፥ ጭራውም ሲበረታ፥ ኰርማውም ከበሽታ ሲነጻ ከብት አርቢው ጥጃ ሊጠብቅ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የመረመረ ሰው ያለ ጥፋቷ የምትሸጠውን ላም ከዕርድ ያድናል፤ ከዓመት በኋላም በረቱ በጥጆች ይሞላል።